ከፍ በይ

ቤታችን ሶፋ ነበረ፤ እኛ ግን ሶፋ አልነበረንም። ያልኖረበት ሰው ቅኔ ይመስለዋል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሶፋው የእንግዳ ነበር። አቃቂ በሰቃ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ባለችው ጠባብ ቤታችን ውስጥ ከሁሉ ጥሩውን ቦታ ይዞ መስኮቱ ስር ተንሰራፍቶ ይቀመጣል። እኛ በርጩማና ምንጣፍ ላይ። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበርና አንድ ጊዜ ከመንገድ ሲመለስ በራሱ መኪና ጭኖ ያመጣው ነው፤ ቀይ ከፋይ የለበሰ፣ የእጅ መደገፊያው ጥቁር የተፈለፈለ እንጨት። እናቴ ዳንቴል ሠርታ አለበሰችው። ዳንቴሉ እንዳይቆሽሽ ደግሞ ላስቲክ ደረበችበት። ላስቲኩ እንዳይቆሽሽ የሚደረብ ነገር ብታገኝ እሱንም ትደርብ ነበር፣ ወላሂ።

እንግዳ ሲመጣ ላስቲኩ ይነሳል። እናቴ በዚያ በወሎ ለዛዋ፣ «ኧረ ከፍ በሉ! ምነው በር ላይ? ከፍ በሉ እንጂ!» ትላለች። ከፍ ማለት ሶፋው ላይ መቀመጥ ነው። እንግዳው ይግደረደራል፣ እሷ ትለምናለች፣ እሱ «እዚሁ ይበቃኛል» ይላል፣ እሷ ክንዱን ይዛ ትጎትታለች። እኔ በርጩማዬ ላይ ሆኜ በቅናት እርር እላለሁ። አንድ ቀን ለእኔም «ከፍ በይ» ብላኝ፣ እሷም ከጎኔ ቁጭ ብላ፣ ሁለታችን መስኮቱ ስር መታየት እመኝ ነበር። አንዴ ሰርቄ ስቀመጥ ደረሰችብኝ። «ውረጂ! አንቺ እንግዳ ነሽ?» አለችና እጄን ይዛ አወረደችኝ።

ምኞቴ ደረሰ፤ ምነው ባልደረሰ። ገላን ኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶልኝ ከቤት ከወጣሁ በኋላ አንድ እሁድ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ገብቼ በርጩማዬን በዓይኔ ስፈልግ እናቴ ላስቲኩን ገፈፍ አድርጋ፣ «ተይ እሱን፤ ከፍ በይ» አለችኝ። ያ ሁሉ ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው። ተቀመጥኩና ክው አልኩ። እሷ ታች፣ እኔ ላይ። ሻዩን በእንግዳ ብርጭቆ አቀረበችልኝ። ያን ቀን ስመለስ ታክሲ ውስጥ ሆዴ ባብቶ አለቀስኩ፤ ረዳቱ ገንዘብ የጠፋብኝ መስሎት ወንበሬ ስር ፈለገልኝ።

አባቴ ካለፈ በኋላ ቤቱ ለመንገድ ማስፋፊያ ይነሳል ተባለ። እናቴ ወይ እኔ ጋ ልትመጣ ነው፣ ወይ ኮምቦልቻ እህቷ ጋ ልትገባ። ኮምቦልቻ ከአፏ አልጠፋ አለች። አየሩ፣ ውኃው፣ የእህቷ ግቢ። እኔ ደግሞ እንድትሄድብኝ አልፈለግኩም። አባቴን ቀብሬያለሁ፣ ቤታችንም ሊፈርስ ነው፤ እሷም ከሄደች ማን ቀረኝ? የራሴን ቤት ዞር ብዬ ሳየው አልጋና ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ብቻ ነው። ጥሩ ሶፋ ከገዛሁላት ትቀመጣለች ብዬ አሰብኩ። የዋህነቴ!

«የአባባን ሶፋ አሳድሰን እንውሰደው?» ብዬ መጀመሪያ ጠየቅኳት።

«ተይው» አለች። «እሱም እንደኔ ነው፤ ፎቅ መውጣት አይሆንለትም።»

እውነቷን ነው፤ በእኛ ብሎክ ደረጃ አንድ ወጥ ሶፋ አይወጣም። ዳንቴሉን አውልቃ በጥንቃቄ አጠፈችው፣ ሶፋውን ለሰፈሩ ሶፋ አዳሽ «ውሰደው» ብላ ሰጠችው። በጋሪ ሲጫን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ ይዣት ቃሊቲ ወዳሉት ሶፋ መሸጫዎች ሄድኩ። መሬት ላይ የሚዘረጋውን አረቢያን መጅሊስ አሳየኋት። «ኧረ እሱስ ምቹ ነው» አለች፤ «ግን ቁጭ ካልኩ ማን ያነሳኛል? ጉልበቴን የት ትቼው?» ቀጥሎ አንድ ነጋዴ ቀለሙ እዚህም እዚያም የተፋቀ ሶፋ አሳየንና «ማዘር፣ ይሄ ቪንቴጅ ነው» አላት። ቪንቴጅ ምን እንደሆነ ጠየቀች። አዲስ ነው፣ ግን አሮጌ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ ነው አላት። እናቴ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ሳቀች። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ሳያረጅ ያስረጁታል? እንዲያ ከሆነማ ቪንቴጁ እኔ ነኝ፤ እኔን ሽጡኛ!» ነጋዴው ራሱ በሳቅ ፈረሰ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። ሱቁን ጠቅላላ ልገዛላት ፈለግኩ።

መጨረሻ ላይ ግራጫ ኤል ሼፕ አገኘን፤ የሚፈታታ፣ ደረጃ የሚወጣ። ዳሰስ አደረገችው። «ምነው ክርኑ ታጠፈ?» አለች።

«ዘመናዊ ነው እማ። እግርሽን ዘርግተሽ ትተኚበታለሽ። ወደድሽው?»

«ቤትሽ ነው፤ አንቺ የወደድሽውን።»

ቤትሽ አለች። ቃሏ ጎረበጠችኝ፤ ግን ለቀብድ እየተሽቀዳደምኩ ስለነበር አለፍኳት።

የመጣች ቀን ቦርሳዋን አንጠልጥላ ደረጃውን እያረፈች ወጣች። በሩን በርግጄ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩትን የክብር ቃል በሙሉ ደስታ አፈነዳሁት፤ «ግቢ እማ! ኧረ ከፍ በይ!»

ትንሽ አየችኝ። «እሺ» አለች። ጫፉ ላይ ቁጭ አለች፤ ቦርሳዋ እግሯ ስር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ የገባችው እናቴ ሳትሆን አንዲት ጨዋ ሴትዮ ነች። ጠዋት ሰግዳ ሶፋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ከሥራ ስመለስ እዚያው ናት። ጀርባዋን አትደገፍም። ሻሿ አይፈታም። «ውኃ ልቅዳ?» ትለኛለች። «ቴሌቪዥኑን ልዝጋው?» ትለኛለች። ወጡን ሳጨስ እንኳ አልተቆጣችኝም! እናቴ! የሽንኩርቴን አከታተፍ አይታ ዝም ያለች ዕለት ሰማይ ሊደፋብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ቦርሳዋ እንደተዘጋ ነው።

አንድ ቀን፣ አረፋ ሲያልፍ ኮምቦልቻ እሄዳለሁ አለችኝ። «እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲቆይ ብረት። ብረት ሳልሆን ልሂድ።»

«ምን ጎደለብሽ? ሶፋ ገዛሁልሽ!» ብዬ ጮህኩ። ንዴቴ አፍንጫዬ ሥር ነው፤ የአባቴ ነው። «አንቺ እንግዳ ነሽ እንዴ?»

«ምን ጎደለብኝ፤ አልሀምዱሊላህ» አለችና መስኮት መስኮቱን አየች።

የገባኝ የበሰቃዋ ጎረቤታችን ሊጠይቋት የመጡ ቅዳሜ ነው። እርሻቸው ወደ ሰፈርነት ሳይለወጥ በፊት ጀምሮ እዚያው የኖሩ፣ ከእናቴ ጋር ጨውና ምስጢር የሚበዳደሩ ሴትዮ ናቸው። እኔ ሮጬ በሩን ከፍቼ፣ «ከፍ ይበሉ፣ ከፍ ይበሉ» አልኳቸው። ሄደው ከእናቴ አጠገብ ተቀመጡ። ግራ ቀኝ አዩ፤ ሁለቱም ሶፋው ላይ፣ ታች ማንም የለም። «ዋቅ ያንተ ያለህ!» ብለው ጭኗን መታ አደረጓት። «ከፍ በሉ ባይዋ አንቺ አልነበርሽ? ዛሬ አንቺም እንግዳ ሆነሽ ቁጭ አልሽ?»

እናቴ ሳቀች። ሳቋ ግን ከዓይኗ እንባ ይዞ ወጣ። እኔ ትሪ ይዤ በቁሜ ቀረሁ። ያ እሁድ ትዝ አለኝ፤ የእንግዳ ብርጭቆው፣ ታክሲው። አክብሬ አስቀመጥኳት ስል በገዛ አፌ ከቤቴ አውጥቻታለሁ።

ሰኞ ዕለት ከሥራ አስፈቅጄ በቀጥታ በሰቃ ሄድኩ። ሶፋውን አስፈታትቼም፣ በገመድ ጎትቼም ቢሆን አራተኛ ፎቅ አወጣዋለሁ ብዬ። ሶፋ አዳሹ ራሱን አከከ። «ሄደኮ እህቴ። ቦሌ ያለ ካፌ ነው የወሰደው። አንቲክ ይሉታል። ከፋዩን እንኳ አትንካው ብለው ነው የጫኑት።» እኔ ያልተቀመጥኩበትን የአባቴን ሶፋ፣ ይሄኔ ማንም መንገደኛ ማኪያቶውን ይዞ ተንፈላሶበታል! ሰፈራችንን ዞር ብዬ አየሁ። ቤታችን የነበረበት ላይ ጠጠር ተደፍቷል። መስኮቱ የት ጋ እንደነበር ለመለየት ሞከርኩ፤ አቃተኝ።

ቤት ስደርስ እናቴ ወጥ ቤት ነበረች። ጫማዬን ሳላወልቅ ሶፋው ላይ በግንባሬ ተደፋሁና ተንሰቀሰቅኩ። አባባ ናፈቀኝ፤ ቤታችን ናፈቀኝ፤ ከሁሉም በላይ ግን እዚያው ወጥ ቤት ቆማ ያለችው እናቴ ናፈቀችኝ።

ኮቴዋን ሰማሁ። አጠገቤ ቆመች። ታባብለኛለች ብዬ ስጠብቅ፦

«ውረጂ!» አለችኝ። «በጫማ! በእንባ! ተነሺልኝ ከዚያ ላይ!»

ቀና ብዬ አየኋት። እጇ ወገቧ ላይ ነው። እናቴ ነች።

«ሄዷል እማ» አልኳት። «የአባባ ሶፋ ተሽጧል።»

ጎንበስ ብላ፣ ከመጣች ጀምሮ ያልፈታችውን ቦርሳ ዚፕ ከፈተችና ከሥር ዳንቴሉን አወጣች። «ነይ ጫፉን ያዥልኝ» አለች። ወርጄ ያዝኩላት። ግራጫው ላይ ዘረጋነው። ቀጥታውን አለበሰና እጥፋቱ ላይ ሲደርስ አለቀ። ለአባቴ ሶፋ የተሠራ ነው፤ ኤል አያውቅም።

«አየሽ፣ አልኩሽ» አለች። «ይሄ ክርናም! እንዲህ ራቁቱን ሆኖ እንግዳ ይመጣል ቤታችን?»

ቤታችን አለች። ቃሉ እንዳያመልጠኝ የዳንቴሉን ጫፍ አጥብቄ ያዝኩ።

ሶፋውን ተደግፋ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ ሻሿን ፈታችው። እኔም ከጎኗ ቁጭ አልኩ። ባዶውን እጥፋት በስንዝሯ ለካችው።

«የጎደለውን ሠርተሽ እስክትጨርሺ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አልኳት።

«ዓይኔ እንደ ድሮው መሰለሽ? ምን ያጣድፍሻል?» አለች። «ነገ ስትመለሺ ክር ይዘሽልኝ ነይ። ብዙ።»