የሁለተኛው ወንበር ዋጋ

ዛሬ ካሳራኒ ከማታቱ ታክሲ ወርጄ በእንጨት ሥራ ቤቶቹ በኩል ሳልፍ፣ ዝናብ የነካው ሰጋቱራ ሸተተኝና መንገድ ዳር ቆምኩ። ውስጥ አንድ አናጢ መሮ ይመታል። ድምፁ እኩል ነው፣ አይደናቀፍም። አባቴም አንድ ሰሞን እንደዚያ ነበር የሚመታው።

ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩበት ዓመት ነበር። ሥራ ስላላገኘሁ ከእሱ ጋር እውላለሁ። ከቤታችን ጀርባ፣ ቆርቆሮ ከተከደነበት ቦታ፣ ከዋንዛ ወንበር ይጠርባል፤ መደገፊያው ላይ ሐረግ ይፈለፍላል። ሰፈሩ «ፉንዲ» ይለዋል፤ አናጢ እንደማለት። ዋጋ መጥራት ግን የእኔ ፋንታ ነበር። እዚህ በሰው አገር ያገራችን ሰው ሲመጣበት «እንደ ወደዳችሁ» ከማለት በቀር ከአባቴ አፍ ቁጥር አይወጣም። እኔም ዓይናፋር ነኝ፤ ገዢ ሊመጣ ሲል መስታወት ፊት ቆሜ ቁጥሩን እለማመድ ነበር።

ጊጊሪ ሰፈር የምትሠራ አንዲት ያገራችን ሴት ሁለት አንድ ዓይነት ወንበሮች አዘዘችን። አንዱን በአርባ ሺህ ሽልንግ ተስማማን። የመጀመሪያውን አባቴ ሚያዝያ ላይ ጨረሰው። ሁለተኛውን ሲይዝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ጠዋት ሻይ ሲያነሳ ማንኪያው ከብርጭቆው ጋር ይንቀጫቀጫል። «የሐምሌ ብርድ ነው» ይለኛል። «አዎ፣ ዘንድሮ በርትቷል» እለዋለሁ። ሐምሌም ነሐሴም አለፈ፣ ሙቀቱ መጣ፤ እኛ ግን ስለ ብርዱ ማውራታችንን አልተውንም።

ሴትዮዋ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጣች። ወንበሮቹን ጎን ለጎን ያቆምናቸው ያን ዕለት ነበር። በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን መደገፊያዎቹ ላይ ወድቋል። የመጀመሪያው ሐረግ እንደ ውሃ ይወርዳል። የሁለተኛው ይሰበራል፣ መንገዱን ይስታል፣ እንደገና ይጀምራል። ጣቷን አንዴ በአንዱ፣ አንዴ በሌላው ላይ አስኬደች።

«ጋሼ፣ ሌላ ፉንዲ ቀጠሩ እንዴ?» አለች እየሳቀች። «ይሄ የእርስዎ እጅ አይደለም። በጭራሽ!»

አባቴ እጆቹን ወደ ኋላው አጣመረ። አየኝ።

«ልጄ ናት» አለ። «እያስተማርኳት ነው።»

እውነቱን ለመናገር፣ መሮ ይዤ አላውቅም። ሴትዮዋ ግን ወደ እኔ ዞረች፤ ፊቷ በራ።

«አንቺ ጭምት! ይሄን ሁሉ ደብቀሽን ነው? በይ አንቺው ንገሪኝ፤ የአባትሽን በአርባ ወሰድኩ፣ ያንቺን በስንት ልውሰደው?»

አርባ ልል አፌን ከፈትኩ። አርባ ካልኩ ጀማሪዋ ከአባቷ እኩል ጠየቀች ትላለች፤ ትጠራጠራለች፤ የእጁ ነገር ይታወቃል። ዝቅ ካደረግሁም ዝቅ የማደርገው የእሱን ሥራ ነው፣ ያውም እፊቱ። ዞሬ ሳየው መሬት መሬት ያያል። ይህንን ቁጥር መስታወት ፊት ተለማምጄው አላውቅም።

«ሃያ» አልኩ።

«ለጀማሪ ደኅና ነው» አለ አባቴ ቶሎ ብሎ። «ብቻ እንዳትኩራራብኝ!»

ሴትዮዋ «እጅሽ ይባረክ» ብላኝ ሁለቱንም አስጫነች።

መኪናው ሲሄድ ይቅርታ ልለው ፈለግሁ። እሱ ግን መጥረጊያ አንስቶ ወለሉን ይጠርግ ጀመር። «ጥሩ ተናገርሽ» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

በሳምንቱ ሴትዮዋ ደወለች። ጓደኞቿ የልጅቷን ወንበር ወደውታል፤ ዋጋውም ተስማምቷቸዋል። ከዚያ ወዲያ አባቴ እስከቻለበት ቀን ድረስ የጠረበው ሁሉ በሃያ ሺህ ሄደ። ገዢ በመጣ ቁጥር «ፉንዲዋን ልጥራላችሁ» ይልና ወደ ቤት ይጣራል። እኔም ምንም ያልነካውን እጄን በቀሚሴ እየጠረግሁ እወጣ ነበር።