ከኋላ የሚቀመጡት

ሰውዬው ከድንበር ማዶ፣ ጋአን ሊባህ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና የሚሠራ የሰርግ አዳራሽ ግድግዳ ይለስናል። ሱሪው ሲሚንቶ በሲሚንቶ ነው፤ ፀጉሩ ግን በደንብ ተበጥሯል። በእረፍት ሰዓት ቴፑን መድረኩ ላይ ያስቀምጥና ሁልጊዜ ያንኑ ካሴት ይከፍታል፤ ፒያኖ፣ ቤዝና ድራም፣ ሕዝብ ፊት የተቀረጸ የድሮ ጃዝ። ከዚያ መጨረሻው ጥግ ሄዶ ጣውላ ላይ ይቀመጣል።

«ከኋላ ያለው ካልሰማ ምኑን አዳራሽ ሆነ አቦ?» አለኝ በድሬዳዋ አማርኛ።

«ይሄ ካሴት አይሰለችህም?»

«ጭብጨባውን ስማው እንጂ። ስንት ዓመት ሙሉ፣ ሰዎቹ ዛሬም አልጠገቡም።»

ጭብጨባው ሲደምቅ ጠጋ አለና ቦታ ለቀቀ። ልቀመጥ ስል ክንዴን ያዘኝ።

«አንተ በዚህ በኩል ሁን። ያ የባለቤቴ ነው። አዳራሹ ሲከፈት ከስደት እመለሳለሁ ብላለች፣ ኢንሻአላህ።»