ፎቶ ላነሳ ተኝቼ ክብሪት ተጫረልኝ

ነገሩ የደረሰብኝ ባለፈው መስከረም ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር መጀመሪያ ልቤ ድንግጥ ይላል፤ ከዚያ ብቻዬን እስቃለሁ።

የእህቴ ባል ታዬ የሚተዳደረው የሰርግ ፎቶ በማንሳት ነው። ፎቶ ሲያስተምረኝ፣ «ሰውን እንደ ምሰሶ መሃል ላይ አትትከል፤ ወደ ዳር አድርገው። ደግሞ ዓይን የሚመራ መስመር ፈልግና ዝቅ ብለህ አንሳ» አለኝ። ካሜራውን ሲያውሰኝ ግን ፊቱ ጠቆር ብሎ ነበር። «ነገ ሰርግ አለብኝ። ይቺ አንድ ነገር ከሆነች አለቀልኝ።»

መስመር ሲለኝ ትዝ ያለኝ አቃቂ ያለው አሮጌው ሐዲድ ነው። ባቡር ከተወው ቆይቷል። ከምኖርበት ከኮዬ ፈጬ ሄድኩና መሃሉ ላይ በሆዴ ተኛሁ። ማንገቻው እንዳያስቸግረኝ ከአንገቴ አወለቅሁት። ትንፋሼን ውጬ ሳነጣጥር ጉንዳን ሱሪዬ ውስጥ ገብቶ ነከሰኝ። ላለመነሳት ስል እግሬን አንፈራገጥኩ።

«ኧረ የሰው ያለህ! ልጁን ጣለው!»

የጮኹት ሐዲዱ ዳር ድንች የሚሸጡ እናት ናቸው። የሚጥል በሽታ መስሏቸዋል። ቀና ከማለቴ በፊት ባጃጅ ነጂው፣ ሸማቹ፣ መንገደኛው ሁሉ ተረባረበብኝ። አንዱ ጭንቅላቴን ያዘ፣ ሌላው እግሬን። «ክብሪት ጫሩለት!» ተባለ። ጢሱ አፍንጫዬ ሲገባ ሳል አጣደፈኝና «ደህና ነኝ» ማለት እንኳ አቃተኝ። እነሱ ግን ሳሌን ሰምተው «ተመስገን፣ ነቃ!» አሉ።

ተነስቼ ብቀመጥ እጄ ባዶ ነው። ካሜራው የለም! የከበበኝን ሰው በየተራ አየሁት፤ ሁሉም ሌባ መሰለኝ። ታዬን ምን ብዬ ነው የማየው?

«ይቺን ነው ልጄ?» አሉ እኚያው እናት፣ ካሜራውን ከነጠላቸው ስር እያወጡ። «እንዳይረግጡብህ ብዬ እኮ ነው ያነሳኋት።»

እፎይ! ጉልበታቸውን ለመሳም ትንሽ ነው የቀረኝ። ፎቶ እያነሳሁ እንደነበር ስነግራቸው፣ «ታዲያ ተቁሞ አይነሳም?» ብለው ሰዉን ሁሉ አሳቁብኝ።

ማምሻውን ታዬ ያነሳኋቸውን ሲያይ አንዷ ላይ ቆመ። «ይቺን ማን አነሳት?»

እናትየው ካሜራውን ከመሬት ሲያነሱት ጣታቸው የማንሻውን ቁልፍ ነክቶት ኖሯል። ፎቶዋ ትንሽ አዘንብላለች። እኔ ጥግ ላይ ወድቄያለሁ፣ ሐዲዱ ወደ እኔ ይመራል፣ የሁሉም እጅ ወደ እኔ ተዘርግቷል። ካሜራውን የሚያይ አንድ ሰው የለም።

አሳጥቤ ቤቴ ሰቅያታለሁ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ዛሬም ቦርሳዬን ጠበቅ አደርጋለሁ፤ ብወድቅ ግን ሜዳ ላይ እንደማልቀር አውቄያለሁ።