የልጄ ነጠላ

ካርቱም ሳለን አንድ ዓመት አርካዊት በሚባለው ሰፈር አዳራሽ ተከራይተን የየአገሩ ልብስ የሚታይበት በዓል አደረግን። ያ አዳራሽ ዛሬ ይኑር አይኑር እግዜር ይወቅ። ለልጄ ለሰብለ የጎንደር ጥልፍ ቀሚስ፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር ተቀጥሬ ከምሠራበት ቤት ስመለስ ማታ ማታ እየጠለፍኩ አደረስኩላት። እዚያው ካርቱም ያደገች ልጅ ናትና በአገሯ ልብስ እንድትኮራ አምላኬን ስለምን ነበር የከረምኩት።

ተራዋ ደርሶ ስትወጣ ጭብጨባው ቀጥ አለ። ለካ ነጠላውን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ ልክ እንደ ሐዘንተኛ ለብሳዋለች! አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ አበበች ደረታቸውን ይዘው፣ «ውይ ልጄ፣ ደግሞ ማን ሞተባችሁ?» አሉኝ።

«ኧረ ማንም አልሞተብን!» ብል ማን ይስማኝ? ሴቶቹ እየተነሡ «እግዜር ያጽናሽ» ይሉኝ ጀመር። ሰብለ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ፈገግ እያለች መድረኩን ዞረችው።

ስትወርድ ወደ ጥግ ጎተት አድርጌ፣ «ምነው ልጄ፣ ለበዓል እንዲህ ይለበሳል?» አልኳት።

«ወላሂ እማ፣ አንቺን አይቼ ነው» አለችኝ። «አባ ከሞተ ወዲህ ሌላ አለባበስ መቼ አሳየሽኝ?»