ሆዷ መሬት የሚነካ መኪና

ከሆሳዕና የወጣሁት አመሻሽ ላይ፣ ባለሱቆቹ በራቸውን መሳብ ሲጀምሩ ነው። አባቴ ሳሎን መሃል ቆሞ እጁን ራሴ ላይ ጫነና ጸለየ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆነ ጸሎቱ ረጅም ነው፤ ያን ዕለት ግን «ጌታ ሆይ፣ መንገዱን አንተ ታውቀዋለህ» ብሎ ቶሎ አሜን አለ። እናቴ ቆጮ በፌስታል ቋጥራ ሰጠችኝና ወደ ጓዳ ገባች። እስክወጣ አልተመለሰችም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሥራ አጥቼ አልነበረም። መናኸሪያው አካባቢ ጋራዥ ውስጥ የሚኒባሶችን የፊት እግር አቀና ነበር። ግን የሰፈሬ ልጆች ሁሉ ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ቤት የሚያሠሩት እነሱ፣ በሠርግ በለቅሶው ስማቸው የሚነሳው እነሱ። እዚያው ያለሁት እኔ የሌለሁ ያህል ሆንኩ።

ሞያሌን በእግር፣ ኬንያንና ታንዛኒያን በአውቶቡስ፣ የቀረውን በደላላ እጅ ተሻገርኩ። ማላዊ ውስጥ በቆሎ በጫነ መኪና ላይ ከጆንያ ሥር ተኝተን ስንሄድ፣ አጠገቤ ያለው የሾኔ ልጅ መዝሙር ያንጎራጉራል፤ እኔ ጎማውን አዳምጣለሁ። መኪናው ወደ ግራ ይስባል።

«ይሄ ሹፌር ገደል ሊከተን ነው» አልኩት።

«ዝም በል ወንድሜ፣ እኔ የፈራሁት ፖሊስ ነው» አለኝ።

ደቡብ አፍሪካ ደርሰን፣ ስንት ቀን ከተሰለፍኩ በኋላ፣ የስደተኛ ወረቀት የምትሰጠው ሴትዮ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«ሥራህ ምን ነበር?»

«የተጣመመ የመኪና እግር አቀና ነበር።»

«እዚህ የሚያቀና ሞልቷል። ለምን መጣህ?»

«የተጣመመም ሞልቷል ብለውኝ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ልትስቅ ነው ስል ጊዜያዊ ወረቀቴን ገፋ አደረገችልኝና «ቀጣይ!» አለች።

ቀድሞኝ የሄደው ታላቅ ወንድሜ ኤርሚያስ እዚያ ሱቅ ነበረው። ከብረት ፍርግርግ ኋላ ሆነን ዳቦና የስልክ ካርድ እንሸጣለን፤ እዚያው ከዕቃው መሃል እንተኛለን። ፓፕ የሚሉት ምግብ አላቸው፤ ሲያዩት ገንፎ ነው፣ ቅቤ የለው፣ ሚጥሚጣ የለው። ክረምታቸው ደግሞ ዝናብ የሌለው ደረቅ ብርድ ነው። ዝናብ የሌለው ክረምት ምኑ ክረምት ነው?

አባቴ መሞቱን የሰማሁት በዚያ ብርድ ነው። በያዝኩት ወረቀት ከአገሩ ከወጣሁ መመለስ የለም። የሀዲያና የከምባታ ልጆች ተሰብስበው የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀምጠው አጽናኑን። ኤርሚያስ እንባውን እየጠረገ ተነስቶ ለአንድ ደንበኛ ዳቦ ሸጠ። ከዚያ በኋላ ፍርግርጉ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ።

አንቲ ፓት የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ጎማ የሚቀናበት የአላይመንት ጋራዥ ነበራት፤ እሷ ጋ ተቀጠርኩ። አንቲ ማለት እኛ እትዬ እንደምንለው ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ መኪና ገባ፤ ሆዱ መሬት ሊነካ ደርሷል። ዙሪያውን አየሁና ባለቤቱን «ሞላው ተሰብሯል፤ አራቱም» አልኩት።

«የተሰበርከው አንተ ነህ! እንዲህ እንዲሆን ነው ያሠራሁት!» ብሎ ጮኸ። አንቲ ፓት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ፍረዱኝ። እኛ የአገራችንን የሀቢቾን ኮረኮንች መንገድ እያሰብን ባሌስትራ ደርበን መኪና ከፍ እናደርጋለን፤ እነሱ ለማማር ብለው ያወርዱታል። ሲወርድ ጎማው ከላይ በኩል ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ውጪውን ብታዩት አዲስ ነው፤ ውስጡ ግን ተበልቶ ያልቃል። የጎማ ማቅኛው ማሽን ላይ ለማውጣት እንኳ ሳንቃ ማንጠፍ አለባችሁ። ይህን ሁሉ አንቲ ፓት ቀስ ብላ አስተማረችኝ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ሲፖ የሚባል ወጣት ነጭ መኪና እየነዳ መጣ። እንደዚያች ዝቅ ያለች አላየሁም። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ቆሟል። አዎ፣ እዚያም መብራት ይጠፋል፤ መጀመሪያ ሲጠፋ አገሬ የገባሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

«ነገ እናቴን እቀብራለሁ፤ መንደሩ ሩቅ ነው» አለ ሲፖ። «መሪው ይንቀጠቀጣል። አስተካክሉልኝ።»

ተኝቼ የጎማውን የውስጥ ጎን ስዳብስ፣ ተበልቶ የወጣው ሽቦ ጣቴን ወጋኝ።

«መንገዱ አፈር ነው?»

«መጨረሻው አፈርና ድንጋይ ነው።»

«እንግዲያው ጎማው ይቀየር፣ መኪናዋም ከፍ ትበል።»

«አይሆንም! ዓመታት የለፋሁባት ናት። እናቴ ሳታያት ሞተች። እንደዚህ ሆና ነው እደጇ የምትቆመው።»

ምን እንደነካኝ አላውቅም።

«የኔ አባት ሲቀበር እኔ እዚህ ዳቦ እሸጥ ነበር» አልኩት። «ወረቀት ከለከለኝ። አንተን የሚከለክልህ ወረቀት የለም፤ ጎማ ብቻ ነው። እባክህ ድረስላት።»

አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ቁልፉን ዘረጋልኝ። «አንሷት» አለ።

ጎማዎቹን ቀየርን። ሞላውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ቀለበት ዝጎ ስለነበር ታግለን አዞርነው። መኪና ከፍ ሲል ደግሞ ጎማው እንደገና መቅናት አለበት። ማሽኑ ስለማይሠራ ሆሳዕና እንደምናደርገው በግራና በቀኝ ሲባጎ ወጠርን፤ አንቲ ፓት አንዱን ጫፍ ያዘች። ከሲባጎው እስከ ቸርኬው ፊትና ኋላ ጠርዝ እየለካሁ አስተካከልኩ። ክብደቱ ስለሚያስፈልገን ሲፖን ከመሪው ኋላ አስቀመጥነው። እያለቀሰ መሪውን ቀጥ አድርጎ ያዘልን።

ሰኞ ተመልሶ መጣ። ደርሷል። ድንጋዩ ሆዷን ነካ ነካ አደረጋት እንጂ አላስቀረውም። እጄን በሁለት እጁ ያዘና፣ «በል እንግዲህ፣ መልሰህ አውርዳት» አለኝ።

አወረድናት። ምን እናድርግ?

ምሳ ሰዓት ላይ እናቴ ጋ ደወልኩ። እንደ ልማዷ ሀዲይኛውን ከአማርኛ እየደባለቀች ስለ ጎረቤቱ ነገረችኝ። ከዚያ፣

«አባትህ መቃብር አጠገብ ዝግባ ተክለናል፤ ጸድቋል። ስትመጣ ታየዋለህ» አለች።

«እሺ እማዬ።»

«መቼ?»

ልመልስ ስል እሷ ጋ ዝናቡ ወረደ። ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምጿን ዋጠው።

«እማዬ?» አልኩ። «እማዬ?»

የሚሰማኝ የሆሳዕና ዝናብ ብቻ ነው። አንቲ ፓት ከውስጥ ትጣራለች። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ አዳመጥኩት።