የመኪናዋ ባለቤት

ግብር ሲቆረጥብኝ ያመኛል፤ አልዋሽም። ደመወዜ እጄ ሳይገባ ሲሸራረፍ ስንት ዓመት አጉረምርሜያለሁ። ከዚያ ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን ግብሩን የከፈለ ሰው፣ የከፈለበትን ነገር ተንበርክኮ ሲለምን ማየት ነው።

ያን ጊዜ እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ ራቅ ባለ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። አንድ የሐምሌ ጠዋት አንዲት ወላድ በቃሬዛ ተይዛ መጣች። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ጽንሱ በአግድም ተኝቷል። እኛ ዘንድ ኦፕራሲዮን የለም። ደብረ ታቦር ሆስፒታል ካልደረሰች እናትም ልጅም ማጣታችን ነው።

አምቡላንሷ ግቢው ውስጥ ቆማለች። ኃላፊያችን ግን ከቢሮው ብቅ ብሎ፣ "ለስብሰባ ልንሄድባት ነው፤ ሌላ መኪና ፈልጉ" አለና ተመልሶ ገባ።

የወላዷ አባት፣ ፀጉራቸው የሸበተ ገበሬ፣ ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። "ስለ ወላዲተ አምላክ! አንድ ሙክት አለኝ፤ እሱን አመጣለሁ። ልጄን ብቻ አድርሱልኝ!"

ደሜ ፈላ። "ይነሡ አባባ! ዘንድሮ ግብር ከፍለዋል?"

ፊታቸው አመድ መሰለ። ያልከፈለ አይታከምም ያልኩ መስሏቸዋል። ከኮታቸው ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ የመሬት ግብር ደረሰኝ አወጡ። "ከፍያለሁ የኔ ልጅ፤ በጥር ነው የከፈልሁት፤ ይኸው። ልጄን አትከልክሉኝ!"

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ስለ ግብር አፋችንን የምንከፍተው ለመቀበል ብቻ ነው፤ ቢፈሩኝ ምን ይደንቃል?

ደረሰኙን ወስጄ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። "የመኪናዋ ባለቤት መጥተዋል" አልኩ።

"የመንግሥት መኪና ናት። ሥርዓት ያዢ!"

ለወትሮው አንቱ እለው ነበር፤ ያን ቀን ጠፋብኝ። "መንግሥት ከየት አመጣት? ነዳጇም፣ የተቀመጥክበት ወንበርም፣ የእኔ ጓንት ሳይቀር ከእኝህ ሰውና ከመሰሎቻቸው የወጣ ነው። ስብሰባህን በእግርህ ሂድ!"

ወጥቼ አምቡላንሷ ፊት ቆምኩ። ሾፌሩ ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ። ቃሬዛውን አስገባንና ሄዱ።

ደብረ ታቦር በኦፕራሲዮን ወንድ ልጅ ወለደች። ለኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ይቅርታ ጠይቂና ይቀደድልሽ ብለው የመከሩኝ ነበሩ። አልጠየቅሁም፤ ዛሬም አልጠይቅም።

በሚቀጥለው ሰኔ አባትየው የልጅ ልጃቸውን ሊያስከትቡ መጡ። የክትባት ክፍሉ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነበር፤ እኔ ደግሞ ዝናብ ይዞኝ አርፍጄ ነበር። ስደርስ አጎንብሰው እጅ ይነሡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ በከዘራቸው የተዘጋውን በር መቱት።

"ሦስት ሰዓት አለፈ እኮ! እናቶቹ ብርድ ላይ ናቸው። እኔ ግብር የምከፍለው ለተዘጋ በር ነው?"

መጀመሪያ ተናደድኩ። ወዲያው ደግሞ ደስ አለኝ። ቁልፉን ከቦርሳዬ እየፈለግሁ፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ" አልኩ።