አስናቀ የወሰደብኝ የጣሊያን ጥሩንባ

ዛሬ ከደብረ ማርቆስ አምበር ከተማ ሄጄ በቅናት አርሬ ተመለስኩ።

እንደምታውቁት በጣሊያን ወረራ ዘመን የተማረኩ ዕቃዎችን እሰበስባለሁ። ቤቴ የብረት ቆብ፣ ኮዳና ቀለህ ሞልቶታል። (ባለቤቴ «ያገባሁት የጦር ግምጃ ቤት ነው» ትላለች።)

ሦስት ዓመት ሙሉ የተመኘሁት ግን አምበር የሚኖሩት የእማማ የሺ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ጥሩንባ ነበር። አርበኛው አባታቸው ከጣሊያን ጦር የማረኩት ነው። በለመንኳቸው ቁጥር «አይሆንም ልጄ» ይሉኛል።

ዛሬ ስገባ ግድግዳው ባዶ ነው!

«እማማ፣ ጥሩንባው የት ሄደ?»

«ለአስናቀ ሰጠሁት።»

አስናቀ እኮ ጓደኛዬ ነው! ዕቃ መሰብሰብ ያስጀመርኩት፣ ቤታቸውንም ያሳየሁት እኔው ነኝ።

«እኔን እምቢ ብለው ለሱ?» አልኩ።

«አንተማ ስትመጣ ዓይንህ ግድግዳው ላይ ነው። እሱ ቁጭ ብሎ ያባቴን ታሪክ ጠየቀኝ። ለመሆኑ አንተ ያባቴን ስም ታውቀዋለህ?»

አላውቀውም ነበር።

አፍሬ ተቀመጥኩና ጠየቅኳቸው። ብዙ አወሩልኝ፤ ሁሉንም ጻፍኩ። ወደ ማርቆስ ስመለስ አስናቀ ደወለ። ስልኩን አላነሳሁትም። ጥፋቱ የኔ መሆኑን አውቄም ቅናቱ አለቀቀኝም።

እስቲ እናንተም ተናዘዙ፤ ዓመታት የተመኛችሁትን ነገር ወዳጃችሁ ቀድሟችሁ ሲወስድ እንዴት ቻላችሁት?